ገዳማቸው የሕሙማን ቤት የሆነ እህቶች፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ወር ከጎጃም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ስለ ካቶሊካውያን ሲስተሮች የሚጠይቁ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «በሞጣ የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። የወንድሜ ልጅ ነርስ ናት፤ መቀሌ ትሠራ በነበረበት ጊዜ ዶተርስ ኦፍ ቻሪቲ ወይም የፍቅር ልጆች ከሚባሉ ሲስተሮች ጋር ትውውቅ ነበራት። ለበዓል ቤት መጥታ ስታጫውተን እነዚህ ሲስተሮች መሐላቸውን በየዓመቱ ያድሳሉ አለችን። እኛ የምናውቀው መነኩሲት ቆብ ከጫነች በኋላ ለዓለም የሞተች እንደሆነች ነው፤ በሕይወት እያለች ፍትሐት የሚደገምላትም ለዚሁ ነው። ታዲያ የአንድ ዓመት ምንኩስና እንዴት ያለ ነው? በቤታችን ክርክሩ ስላላባራ ማብራሪያ እንድትሰጡን በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ የወንድምዎ ልጅ የነገረቻችሁ እውነት ነው፤ እርስዎም ስለ ምንኩስና ያሉት ትክክል ነው። ሁለቱ የተጋጩ የመሰሉት የፍቅር ልጆች እርስዎ በሚያውቁት መልኩ መነኮሳይያት ስላልሆኑ ነው። እንዳይሆኑም ገና ከጥንስሱ ታስቦበታል። ይህ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ማኅበሩ ወደተነሣበት ዘመን መለስ ማለት ያስፈልጋል።

መሥራቾቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው በ1581 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደው ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ነው። ሁለተኛዋ በ1591 የተወለደችውና ባሏ ከሞተባት በኋላ አንድ ወንድ ልጇን ታሳድግ የነበረችው ቅድስት ሉዊዝ ደ ማሪያክ ናት። ቪንሰንት በ1617 ሻቲዮን በምትባል ትንሽ ከተማ የደብር ካህን ሳለ፣ አንድ እሑድ ለቅዳሴ ሲዘጋጅ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ ቤት ቤተሰቡ በሙሉ ታሞ የሚያስታምም እንደጠፋ ተነገረው። በስብከቱ ላይ ነገሩን ቢያነሣው ከሰዓት በኋላ መንገዱ ምግብ በያዙ ሰዎች ተሞላ። የሕዝቡ ርኅራኄ ደስ ቢያሰኘውም አንድ ነገር አሳሰበው፤ ያ ሁሉ ምግብ በአንድ ቀን መጥቶ የሚተርፈው ይበላሻል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ሕሙማኑ ጦማቸውን ያድራሉ። ስለዚህ የከተማዋን ሴቶች አሰባስቦ በተራ የሚያገለግሉበትን ደንብ ጻፈላቸው።

ደንቡ ዛሬም አለ፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ዝርዝሩ ነው። ተረኛዋ ምሳ ይዛ ስትገባ ሕመምተኛውን በብሩህ ገጽ ሰላም ትለዋለች፤ አልጋው ላይ ገበታውን አሰናድታ ጨርቅ ታነጥፋለች፤ ሳሕኑን፣ ማንኪያውንና ዳቦውን ታቀርባለች፤ እጁን ታስታጥበዋለች፤ ማዕዱ ከተባረከ በኋላ ሾርባውን ትቀዳለታለች፤ ሥጋውን ቆራርጣ፣ ለገዛ ልጇ እንደምታደርገው ሁሉ፣ በፍቅር እየጋበዘች እንዲበላ ታደርገዋለች። ከዚያም አንድ ነገር ይጨምራል፦ ሥራዋን አስታማሚ ካላቸው ሕሙማን ጀምራ፣ ሰው የሌላቸውን መጨረሻ ላይ ታድርግ፣ ከእነርሱ ጋር ረዘም ያለ ጊዜ መቆየት እንድትችል። የታመመ ሰው አጠገብ ተቀምጦ የሚያውቅ አንባቢ ይህ ደንብ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ታስቦ የተጻፈ እንዳልሆነ አያጣውም።

ሥራው ወደ ፓሪስ ሲዛወር ግን እንቅፋት ገጠመው። በዚያ ኃላፊነቱን የወሰዱት የባላባት ወይዛዝርት ነበሩ። ወይዛዝርቱ ገንዘብ ለመስጠት አልሰሰቱም፤ ድስት ተሸክሞ የድሃ ቤት ደረጃ መውጣቱ ግን ለገረዶቻቸው ተተወ፤ ገረዲቱ ደግሞ ታዝዛ እንጂ ወድዳ አልመጣችም። ለድሃው አሳቢ ሴት ማግኘት እንዲህ አስቸጋሪ በሆነበት ጊዜ ነው ማርገሪት ናዞ የምትባል የሱሬን መንደር የገበሬ ልጅ ራሷን ለአገልግሎቱ ያቀረበችው። ማርገሪት ከብት ጠባቂ ነበረች። የፊደል ገበታ ገዝታ፣ አንድ ካህን ጥቂት ጥቂት ፊደል እያሳያት፣ የቀረውን ላሞቿን እየጠበቀች ማንበብ የሚችል የሚመስላትን መንገደኛ ሁሉ «ይህ ምን ይባላል?» እያለች ትማር ነበር። ማንበብ ስትችል ደግሞ ከመንደር መንደር እየዞረች ሌሎች ልጃገረዶችን አስተማረች። የጎጃም የቆሎ ተማሪ ቢያገኛት ኖሮ ብዙ የሚጫወቱት ነገር አያጡም ነበር።

ማርገሪት በ1633 መጀመሪያ፣ ወረርሽኝ የያዛትን ሴት በራሷ አልጋ አስተኝታ፣ በሽታው ተላልፎባት ሞተች። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ፣ ኖቬምበር 29፣ ሉዊዝ ጥቂት የገጠር ልጃገረዶችን በገዛ ቤቷ ሰበሰበች፤ ማኅበሩ ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ቀን ነው። ማርገሪት ያንን ቀን ሳታይ ብታልፍም ሲስተሮቹ የመጀመሪያዋ እህታችን የሚሉት እርሷን ነው።

አሁን ወደ መሐላው እንምጣ። በዚያ ዘመን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ መነኩሲት ከገዳሟ ቅጥር እንዳትወጣ አጥብቆ ያዝዝ ነበር። የትሬንቶ ጉባኤ በ1563 ደነገገው፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ አምስተኛ በ1566 ይበልጥ አጠበቁት። የቪንሰንት ወዳጅ የነበረው ጳጳስ ፍራንስዋ ደ ሳል በ1610 አንድ የሴቶች ማኅበር መሥርቶ እህቶቹ ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ እንዲጠይቁ አስቦ ነበር፤ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ማኅበሩ ሕጉን ተከትሎ በቅጥር ተዘጋ። ቪንሰንት ይህን በቅርብ ያየ ሰው ነው። እህቶቹ ገዳማውያት ተብለው ቢመዘገቡ፣ የድሃው ሾርባ ቤቱ ድረስ የሚደርስበት መንገድ ያን ጊዜ እንደሚቋረጥ ገብቶታል።

ስለዚህ ገዳማውያት እንዳይባሉ አደረገ። ጳጳስ ጠርቶ ቢጠይቃችሁ መነኮሳይያት አይደለንም በሉ ብሎ አስተማራቸው። ገዳማቸው የሕሙማን ቤት፣ በአታቸው የኪራይ ክፍል፣ ጸሎት ቤታቸው የሰበካው ቤተ ክርስቲያን፣ የገዳም ግቢያቸው የከተማው ጎዳና፣ አጥራቸው ታዛዥነት እንደሆነ ነገራቸው። ልብሳቸውም በፓሪስ ዙሪያ የምትኖር ገበሬ ሴት የምትለብሰው ግራጫ ቀሚስ ሆነ። በኋላ ዘመን በመላው ዓለም መታወቂያቸው የሆነውና እንደ ክንፍ የተዘረጋው ትልቁ ነጭ የራስ መሸፈኛ ከዚያው የገጠር አለባበስ የመጣ ሲሆን በ1964 ቀርቷል። መሐላውም ከዚሁ አሳብ ጋር የሚሄድ ነው። ለዘለዓለም የሚፈጸም የአደባባይ መሐላ ቢሆን ሕጉ መነኮሳይያት ያደርጋቸዋል፤ ስለዚህ ለአንድ ዓመት የሚጸና፣ በየዓመቱ የሚታደስ መሐላ ሆነ።

መሐላው አራት ነገር ይዟል፦ ድህነት፣ ንጽሕና፣ ታዛዥነትና ድሆችን ማገልገል። አንዲት እህት ወደ ማኅበሩ ከገባች ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምላለች፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በብሥራት በዓል ታድሰዋለች። በዓሉ በምዕራቡ አቆጣጠር ማርች 25፣ በእኛ መጋቢት 16 ላይ ይውላል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መጋቢት 29 የሚከበረው መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ የቀን አቆጣጠር ብቻ ነው።

እንግዲህ መምህር፣ የአንድ ዓመት ምንኩስና ነው ከማለት ይልቅ የዕድሜ ልክ አገልግሎት ሆኖ በየዓመቱ በነፃ ፈቃድ የሚጸና ነው ማለቱ ይቀርባል። ወደ ማኅበሩ የሚገቡት ለዕድሜ ልክ አስበው ነው። በግሌ እንዲህ ያለው መሐላ የቀለለ አይመስለኝም። አንድ ጊዜ የማለች ሴት ልቧ ቢዝል መሐላዋ ይይዛታል፤ እነዚህ ግን በየዓመቱ «ልቀጥል ወይስ ይብቃኝ» የሚለውን ጥያቄ ራሳቸው መልሰው መግባት አለባቸው። ፀጉራቸው እስኪሸብት ድረስ በየመጋቢቱ መልሳቸው አንድ ዓይነት የሆነ እህቶች ብዙ ናቸው።

ጸሎትን በሚመለከትም ያው አካሄድ ይታያል። እህት በጸሎት ላይ ሳለች ድሃ በሩን ቢያንኳኳ ጸሎቷን አቋርጣ ትሂድ፤ ይህም እግዚአብሔርን ስለ እግዚአብሔር ብሎ መተው ነው ብሎ ቪንሰንት አስተምሯል። ለገዳም ሥርዓት ለተገዛ ሰው ይህ ድፍረት ሊመስል ይችላል። እርሱ ግን ጸሎትን አቅልሎ አልነበረም፤ እህቶቹ ማለዳ አራት ሰዓት ሲደወል ማለትም በእኛ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ላይ ተነሥተው በጸሎት እንዲጀምሩ ያዝዝ ነበር።

በመሥራቾቹ ዘመን ብቻ እንኳ እህቶቹ በፓሪስ የተጣሉ ሕፃናትን አሳድገዋል፣ በመርከብ መቅዘፍ የተፈረደባቸውን እስረኞች አገልግለዋል፣ የቆሰሉ ወታደሮችን አክመዋል፣ በ1652 ደግሞ እስከ ፖላንድ ተልከዋል። ዛሬ ከ90 በሚበልጡ አገሮች ይገኛሉ።

ጥያቄ፦ «ከመርጡለ ማርያም አካባቢ ነኝ። ካቶሊኮች ብፁዕ የሚሏቸው አንድ አባት የእኛው አገር ተወላጅ እንደነበሩ ከሽማግሌዎች ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ከሆነስ ከእነዚህ ሲስተሮች ጋር የሚያገናኛቸው ነገር አለ?»

መልስ፦ እውነት ነው። አባ ገብረ ሚካኤል ይባላሉ። በ1791 ገደማ ዲቦ በተባለ መንደር ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን ቢያጡም ለትምህርት የነበራቸው ፍላጎት አልቀነሰም፤ በመርጡለ ማርያም ገዳም ተምረው መነኮሱ። ከዚያም የገዳማትን ሥርዓትና መጻሕፍት እየመረመሩ ከቦታ ቦታ ተዘዋወሩ፤ በጎንደርም ኖረዋል። በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ እንዲያመጣ ወደ ግብፅ በላኩት መልእክተኛ ቡድን ውስጥ ነበሩ፤ በዚያ ጉዞ ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ አባ ዩስቲኖስ ደ ያቆቢስ፣ በኋላ አቡነ ያዕቆብ የተባሉት፣ አብረዋቸው ሄዱ። በረጅሙ መንገድ የጀመረው ውይይት ቀጠለና አባ ገብረ ሚካኤል በ1844 የካቶሊክ እምነትን ተቀበሉ፤ በ1851 ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ቅስና ተሾሙ።

መጨረሻቸው መራራ ነው። የሃይማኖትና የመንግሥት ነገር እጅግ በተቆላለፈበት በዚያ ዘመን ታስረው፣ በሰንሰለት እንዳሉ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ኋላ እየተጎተቱ፣ በ1855 በመንገድ ላይ ዐረፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፅዕና ሰጥተዋቸዋል። አቡነ ያዕቆብም በ1860 ወደ ቆላው ሲወርዱ በመንገድ ዐርፈው መቃብራቸው ኤርትራ ውስጥ ሄቦ በተባለ ቦታ ይገኛል፤ በ1975 ቅዱስ ተብለዋል።

ከሲስተሮቹ ጋር የሚያገናኛቸው ቪንሰንት ደ ፖል ነው። አቡነ ያዕቆብ ቪንሰንት በ1625 የመሠረተው የላዛሪስት ካህናት ማኅበር አባል ነበሩ፤ አባ ገብረ ሚካኤልም ወደዚሁ ማኅበር ለመግባት ተቀባይነት አግኝተው ሳለ እስሩ ቀደማቸው። ላዛሪስቶችና የፍቅር ልጆች የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ ጠቅላይ አለቃቸው እንኳ አንድ ነው። ስለዚህ የዲቦው መነኩሴ በፓሪስም በማኒላም በሚገኙ የማኅበሩ ቤቶች የሚታሰቡ ናቸው።

ሌላም የሚጠቀስ ነገር አለ። በመርጡለ ማርያም ከእቴጌ ዕሌኒ ዘመን የነበረውን ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ዳግመኛ እንደገነቡት ፍርስራሹን እያዩ ያደጋችሁ ታውቃላችሁ። የዚያ ዘመን መጨረሻ ደም መፋሰስ ሆነ፤ ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 የተዋሕዶን እምነት መለሱ፣ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ሚሲዮናውያኑን አስወጡ። በጎጃም ካቶሊክ የሚለው ቃል እስከ ዛሬ በጥርጣሬ የሚሰማው በአመዛኙ በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥርጣሬውም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። አቡነ ያዕቆብ ግን ከዚያ የተማሩ ይመስላል፦ የአገሬውን መነኩሴ ልብስ ለበሱ፣ በግዕዝ ሥርዓት ላይ ላቲንን አልጫኑም። ቪንሰንትም በበኩሉ ልጆቹን የላከው ወደ ነገሥታት ጓዳ ሳይሆን ወደ ታመመው ቤት ስለሆነ፣ የማኅበሩን አገልግሎት በሱስንዮስ ዘመን መነጽር መመልከቱ ሁለት የተለያዩ ታሪኮችን ማደባለቅ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «ደብረ ማርቆስ የምማር የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፤ ኦርቶዶክስ ነኝ። ለክረምት አዲስ አበባ ሄጄ ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የማዘር ትሬዛ ቤት አየሁ፤ ነጭ ሳሪ የለበሱ ሲስተሮች ቁስለኞችን ሲያጥቡ ሳይ ልቤ ተነካ። እነዚህና የፍቅር ልጆች አንድ ናቸው? ሕሙማኑን ሃይማኖት እንዲለውጡ ይጠይቃሉ? እኔስ ሲስተር ሳልሆን ማገልገል እችላለሁ?»

መልስ፦ እህቴ፣ አንድ አይደሉም፤ ሲስተር የሚለው መጠሪያ ግን ሁሉንም ስለሚያቅፍ መደናገሩ አይፈረድም። ዳር ዳሩ ሰማያዊ የሆነ ነጭ ሳሪ የሚለብሱት፣ ማዘር ትሬዛ በ1950 በካልካታ የመሠረተችው ማኅበር አባላት ናቸው። ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በ1973 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። የእነርሱ መሐላ በመጨረሻ የዕድሜ ልክ ይሆናል። አራተኛው መሐላቸው ከድሆች ሁሉ የባሱትን ያለ ዋጋ ማገልገል ስለሆነ ግን መንፈሱ ከፍቅር ልጆች ጋር ይቀራረባል። ከዚህም ሌላ በ1872 በቬሮና የተመሠረተው የኮምቦኒ ሲስተሮች ማኅበር አለ፤ እነዚህ ቀድሞ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር በነበረው መተከል፣ በማንዱራ፣ ከጉሙዝ ሕዝብ ጋር ሠርተዋል።

ሃይማኖትን በሚመለከት፣ ማዘር ትሬዛ በ1952 በካልካታ የከፈተችው የሚሞቱ ሰዎች ማረፊያ የታወቀ ልማድ አለው፦ የሚሞተው ሰው እንደየእምነቱ ይሸኛል፤ ለሙስሊሙ ቁርኣን ይነበብለታል፣ ለሂንዱው የጋንጅስ ውኃ ይሰጠዋል፣ ካቶሊካዊው ቅብዐ ሕሙማን ይቀበላል። በር ላይ የሚጠየቀው ምን እንደሚያምን ሳይሆን ምን እንዳመመው ነው። ይህ ሲባል ሲስተሮቹ እምነታቸውን ይደብቃሉ ማለት አይደለም፤ ቤታቸው ውስጥ ጸሎት ቤት አለ፣ መስቀላቸውም በትከሻቸው ላይ ይታያል። መታየቱና ማስገደዱ ግን የተለያዩ ናቸው።

ስለ ራስሽ የጠየቅሽውን በተመለከተ፣ ወደ ማኅበር ለመግባት ካቶሊካዊት መሆንና ያላገባሽ መሆን ግዴታ ነው። ከገባሽም በኋላ የምትፈተኚባቸው ረጅም ዓመታት አሉ። ልብሽ በአንድ ክረምት ስለተነካ እንዲህ ያለ ነገር አይወሰንም፤ እምነትን መለወጥ ደግሞ ሥራ ለመቀየር ተብሎ የሚደረግ አይደለም። ለማገልገል ግን ሲስተር መሆን አያስፈልግሽም። የሻቲዮኖቹ ሴቶች ባለትዳሮችና የልጆች እናቶች ነበሩ። በ1833 በፓሪስ ፍሬዴሪክ ኦዛናም የሚባል ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ድሆችን በየቤታቸው መጎብኘት ሲጀምር፣ የትኛው ቤት መግባት እንዳለባቸውና እንዴት እንደሚገባ ያሳየቻቸው ሮዛሊ ሬንዱ የተባለች የፍቅር ልጆች እህት ናት፤ ከዚያ የተነሣው የምእመናን ማኅበር ዛሬም በብዙ አገሮች ይሠራል።

የማዘር ትሬዛ ቤቶች በጎ ፈቃደኞችን ይቀበላሉ። በክረምት ዕረፍትሽ ተመልሰሽ ሄደሽ የቤቱን ኃላፊ ሲስተር አነጋግሪ። የነርሲንግ ተማሪ መሆንሽን ብትነግሪያቸውም በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰጡሽ ሥራ ልብስ ማጠብ፣ ወለል መወልወልና ማብላት ሊሆን ይችላል፤ ቅር አይበልሽ። ቁስል ማጠቡን የሚያሠሩሽ እጅሽን ካዩ በኋላ ነው። ትምህርትሽን ግን አታቋርጪ፤ ማዘር ትሬዛ ራሷ በ1948 ወደ ድሆች መንደር ከመግባቷ በፊት መጀመሪያ ያደረገችው ወደ ፓትና ሄዳ ከሐኪም ሲስተሮች ዘንድ የሕክምና ሥልጠና መውሰድ ነበር።